ስድብ ይላኩልኝ

አዳማ፣ መስከረም 22 ቀን 2017

ለአጎቴ ለአያ ደርበው
ገነተ ማርያም አጠገብ፣ ታች አምባ

አያ ደርበው፣ ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬ ልለፈው። እርስዎም፣ አክስቴም፣ ላሚቱም፣ ጎረቤቱም ሁሉ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰላምታ ሰሞኑን ጉድ ሠርቶኛል፤ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል።

በሹፌሩ በያሲር በኩል ላስጠየቁኝ ነገር፣ አዎ፣ በሬዲዮ የተናገርኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ነጭ ለባሾቹን፣ ያን ነጭ ማሊያ የሚለብሰውን ቡድን፣ ሁለት ለዜሮ ካሸነፍን በኋላ ጋዜጠኛው ማይኩን አፌ ላይ ደቅኖ፣ "ፋና፣ ከበርሽ ጀርባ ያሉት ደጋፊዎች ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲሰድቡሽ ነበር፤ አልተረበሽሽም?" ሲለኝ፣ "ስድብ ለእኔ ቀለቤ ነው" አልኩት። "ዝም ሲሉኝ ነው የምፈዘው" ብዬም ጨመርኩበት። በዚያው ለእናቴ ለእትዬ ሙሉዬ ስሟን ጠርቼ ሰላምታ አስተላለፍኩ። ጋዜጠኛው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ አገሩ ሰማ። አገሩ ቢሰማ ግድ አልነበረኝም። ችግሩ ነጭ ለባሾቹም መስማታቸው ነው።

ሐናን ስለምትባለው አጥቂያቸው ከዚህ በፊት ጽፌልዎታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በተገናኘን ቁጥር ጆሮዬ ሥር መጥታ "አንቺ የላስታ ልጅ፣ ድንጋይ መጥረብ እንጂ ኳስ መያዝ ማን አስተማረሽ?" ስትለኝ ኖራለች። እንዲያ ስትለኝ እጄ የሚረዝም ይመስለኛል፣ እውነቴን ነው። በሦስት ዓመት ያገባችብኝ አንድ ግብ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ በዋንጫው ውድድር እንደገና ተገናኘን። ስድቤን ልቀበል ተዘጋጅቼ ገባሁ። ከበሩ ጀርባ ያለው ደጋፊ ጭጭ ብሏል። አንዳንዱ ጭራሽ ያጨበጭብልኛል። የመጀመሪያው የማዕዘን ምት ሲመታ ሐናን ጠጋ አለችና፣ "ፋንዬ፣ እንዴት ነሽ? እናትሽ እትዬ ሙሉዬ ደህና ናቸው? ክረምቱ አገር ቤት እንዴት ወጣ?" አለችኝ። እኔስ ምን ላድርግ አያ? እናቴን በስሟ ጠርቶ የጠየቀኝን ሰው እንዴት ዝም ልበል? "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት፣ የአንቺስ ቤተሰብ" ብዬ ሳልጨርስ ኳሱ በራሴ ላይ አልፎ መረብ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው የገባው ስለ ከብቱ ስትጠይቀኝ ነው። ሦስተኛው ያለ ሰላምታ ገባ፤ እኔ ያን ጊዜ አልቆልኝ ነበር።

አሰልጣኝ ንጋት የመልበሻ ቤቱን በር ዘግታ፣ "የሚቀጥለውንም እንዲህ ከሆንሽ ቦታው የሁለተኛዋ በረኛ ነው" አለችኝ። ውሌ ጥር ላይ ያልቃል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለተቀመጠች በረኛ ውል የሚያድስ ክለብ የለም። ከዚያ ወዲያ ጓንቴን ሰቅዬ አገር ቤት መግባት ነው። ለእናቴ ግን አደራ አይንገሯት።

አያ፣ በሕይወቴ መጀመሪያ የሰደቡኝ እርስዎ ነዎት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በገና ጨዋታ የላይ አምባው ኋላ ጠባቂ ጉልበቱን ተመትቶ ሲወጣ፣ ሰው ጠፍቶ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጅ ዱላ ይዤ ከኋላ ቆምኩ። እርስዎ የታች አምባ ሰዳቢ ነበሩና በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣

ላይ አምባ ጎበዙ እሾህ ቢቸግረው፣
በጎመን ቅጠል ነው በሩን ያጣጠረው

አሉብኝ። የእህትዎ ልጅ መሆኔም አላሳዘነዎትም። ያን ቀን ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ስንቴ በእግሬ እንዳቆምኳት ያውቃሉ። በረኛ የሆንኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ስድብ ይላኩልኝ። ጓንቴ ውስጥ ከትቼው እገባለሁ። ስልኩ ከሠራ ደውለው ቢሰድቡኝ ደግሞ ይበልጣል፣ እንደ እርስዎ ድምፅ የሚሆን የለም። ካልሠራም ያሲር ጭነት ይዞ ላሊበላ በወጣ ቁጥር በእናንተ በኩል ያልፋልና በእሱ እጅ ይሁን።

የእህትዎ ልጅ ፋና

---

ታች አምባ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017

ለላይ አምባዋ ፋና

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ ጣቶችሽ ደህና ናቸው? አሰልጣኟስ፣ ጓደኞችሽስ፣ አከራይሽስ? ሐናን የምትባለዋ ልጅ ሰላምታን ካበላሸችው እኔ ላቃናው ብዬ ነው። አሁን ኳስ የሚመታብሽ የለምና ተረጋግተሽ መልሽልኝ።

ደሴ ለምን ወረዱ ብለሽ በያሲር በኩል ላስጠየቅሽኝ፣ ለጥርሴ ነው። ጥርሱ ወጣ፣ አለቀ፣ ሌላ ወሬ የለውም። ስልኩ አይሠራም። ማማው ተበላሽቷል ይላሉ። ስለዚህ ደውሎ መስደቡ አይሆንም፣ ጉዳያችን በወረቀት ይሁን።

ሬዲዮውን በሰማሁ ጊዜ ኮርቼ ጎረቤት ጠርቼ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ኩራቴ በረደ። የጎተራውን ቁልፍ የት እንደሚያኖር ገበያ ቆሞ የሚናገር የዋህ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አርባ ዓመት ስሳደብ የትኛው ስድብ ራሴን እንደሚያመኝ ለአክስትሽም አልነገርኳት።

ስድብ ብለሻል፣ እነሆ። አንደኛ፣ ቁመትሽ ለመሰላል እንጂ ለሌላ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ እጅሽ ሰፊ ነው፤ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ነው የሰፋው። ሦስተኛውን በግጥም አድርጌዋለሁ፦

ፋና በር ጠባቂ ተብላ ቆማለች፣
ኳሱን እንግዳ ነው፣ ግባ ትላለች።

ይህን ስጽፍ አክስትሽ ራሴ ላይ ቆማ "ልጅቷ ምን አደረገችህ?" እያለች ትነተርከኛለች። አትስሚያት። እየሰደብኩሽ ነው።

ደርበው፣ ግንበኛው

---

አዳማ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017

አያ ደርበው፣

በቅድሚያ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስድብዎ አልሠራም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ወረቀቱን አጣጥፌ ግራ ጓንቴ ውስጥ ከተትኩት። ከመግባቴ በፊት አንዴ አነበብኩት። በመሰላሉ ሳቅሁ፣ በእንግዳው ግጥም ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አየሁ። "ደንቆሮ" ብለው ጽፈው ሰርዘውታል። ከላዩ "ሞኝ" ብለው፣ እሱንም ሰርዘው "የዋህ" ብለዋል። አያ፣ ሰው "የዋህ" ተብሎ እንዴት ይናደዳል? እስክሪብቶውን ይዘው ሲያመነቱ ታዩኝና አለቀስኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ነው የተሰለፍነው።

የተሸነፍነው አንድ ለዜሮ ነው። እንዴት እንደገባ ቢጠይቁኝም አልነግርዎትም። ሕፃን የምትይዘው ኳስ ነበር። የዚህኛው ቡድን ልጆችም የሬዲዮውን ወሬ ሰምተው ኖሮ አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። አንዷ ጭራሽ ከወደቅሁበት ደግፋ አነሳችኝ። ደግነቱ በምድባችን ቀድመን የያዝነው ነጥብ አድኖን ግማሽ ፍጻሜ ገብተናል።

ግማሽ ፍጻሜውን ሁለተኛዋ በረኛ ናት የምትጠብቀው። አሰልጣኝ ንጋት ስትነግረኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። እኔም "እሺ" ብቻ አልኳት። ጓደኞቼ "አይዞሽ" ይሉኛል። አይዞሽ ሲሉኝ ደም ሥሬ ይቆማል።

ለእናቴ እግሬን ትንሽ አሞኛል ብዬ ልኬባታለሁ፤ እርስዎም እንደዚያው ይበሉልኝ። የገና ዝግጅት ተጀመረ ወይ? ዘንድሮ በማን ላይ ነው ስድብዎን የሚያዘንቡት?

ፋና

---

ታች አምባ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017

ፋና ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እናትሽ ደህና ናት። እግርሽን ቅቤ እሺው ብላ ላከችብኝ፣ ቅቤው በያሲር እጅ አለ። ለዋሸሁበት ቅቤውን በትክክል ብይው።

ስለ ስረዛው ጽፈሻል። ልንገርሽ፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነው። ኢያቄም የሚባል የላይ አምባ ጎረምሳ ነበር፣ አንቺ ሳትወለጅ። ፈጣን ልጅ ነው። አንድ ገና በእግሩ አጣጣል ላይ አንድ ግጥም አወረድኩበት፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትንሽ ያነክስ ነበር። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ልጁ ተናዶ የሚበረታ መስሎኝ ነበር፣ እንደሌሎቹ። ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ገና ተጫውቶ አያውቅም። አሁን ወልድያ ጋራዥ አለው። በደህና ሰላም ይለኛል። እኔ ግን በእሱ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ስለዚህ ስድብ ጉልበት ይሰጣል ወይ ተብለሽ በሬዲዮ ብትጠየቂ፣ "አጎቴ አርባ ዓመት ሞክሮት አላወቀውም" በይ። ለአንዱ ይሰጣል፣ ካንዱ ይወስዳል። አንቺን ያን ዕለት በጎመን ቅጠል ስልሽ ፈርቼ ነበር፤ እናትሽም ዓመት ሙሉ ቤቴን አልረገጠችም። አንቺ ጥርስሽን ነክሰሽ ስትቆሚ ሳይ ብቻ ነው የተነፈስኩት። አሁን በወረቀት ላይ ፊትሽን አላየውም። የማላየውን ሰው መስደብ አልችልም፣ ለካ።

የገናውን ነገር ጠይቀሻል። ዘንድሮ ማን እንደሚሰድብ ገና አልተነጋገርንም። ስልኩም እንደተበላሸ ነው።

ደርበው

---

አዳማ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017

አያ ደርበው፣

ቅቤው ደርሷል። ከቅቤው ጋር ወሬም ደርሶኛል።

ያሲር እዚህ ሻይ እየጠጣን በጨዋታ መሃል "ስልኩማ ከመስቀል ጀምሮ ይሠራል፣ ባለፈው ከአያ ደርበው ግቢ ሆኜ ቤቴ ደወልኩ" አለኝ። ቀጠለና፣ "ሰውዬው ግን ምን ሆነው ነው? ሦስት ጊዜ ስመላለስ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ የፈለጉትን በወረቀት ይጽፉልኛል፣ ጥርስ ሕመም ነው ትላለች ሚስታቸው" አለኝ። የሁለት ወር የጥርስ ሕመም አለ ወይ አያ?

ለምን ዋሹኝ? እኔ ውርደቴን አንድ በአንድ ጽፌልዎታለሁ። ኳሱ መረብ ውስጥ ሲገባ ስለ ላም እያወራሁ እንደነበር እንኳ አልደበቅሁዎትም። ተቆጥቻለሁ። ፈርቼም ነው የምቆጣው። እውነቱን ይጻፉልኝ፣ ሌላ ነገር አልለምንም።

የእኔ ወሬ ይኸው። ግማሽ ፍጻሜውን አሸንፈናል፣ ሁለተኛዋ በረኛ ጥሩ ጠበቀች፤ እኔም ከወንበሩ ላይ አጨበጨብኩላት። ፍጻሜው ታኅሣሥ 6 እሁድ ነው፣ ከነጭ ለባሾቹ ጋር። አሰልጣኝ ንጋት ከሦስት ቀን በፊት ጠራችኝ። "እሷ ጎበዝ ናት፣ አንቺ ግን ከእሷ ትበልጫለሽ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን" አለችኝ። "ግን እነሱ ዝም ይሉሻል፣ ሐናንም እናትሽን ትጠይቅሻለች። ያን ጊዜ ምን ታደርጊያለሽ? ከጨዋታው በፊት ባለው ዓርብ ቢሮዬ መጥተሽ መልሱን ንገሪኝ። መልስ ከሌለሽ አላስገባሽም።"

ሦስት ቀን አሰብኩ፣ መልስ የለኝም።

ፋና

---

ታች አምባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017

ፋና ልጄ፣

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነሽ። ስልኩ ይሠራል። የማይሠራው እኔ ነኝ።

ደሴ የወረድኩት ለጥርስ አልነበረም። ጉሮሮዬ ውስጥ እብጠት አግኝተው ቀደው አወጡት። ተመርምሮ ክፉ ነገር አይደለም ተብሏል፣ እሱን አትፍሪ። ድምፄ ግን አልተመለሰም። ስናገር የሚወጣው እንደ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ነው። ሐኪሙ "ሹክሹክታው ይሻሻል ይሆናል፣ ጩኸቱን ግን እርሳው" አለኝ። አርባ ዓመት ከታች አምባ ጮኼ ላይ አምባ የምሰማ ሰው፣ ዛሬ ዶሮ እሽ ማለት አቅቶኛል። ይህን በስልክ እንዴት ልንገርሽ? በምን ድምፅ? ጨዋታ ላይ ስላለሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ነበር። ውሸት ነው፣ አፍሬ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ዝም ያለ ሰው ብዙ ያስባል፤ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የላይ አምባውን ጋሻዬን ታውቂዋለሽ፣ ያን ግንደ እግር። አንድ ዓመት ሰደብኩትና ሩሯን ብቻውን እየነዳ ሦስት ጊዜ አገባብን። በዓመቱ የታች አምባ ሽማግሌዎች ሰብስበውኝ "ዘንድሮ የጋሻዬን ስም እንዳታነሳ" አሉኝ። አላነሳሁም። ፈዞ ዋለ፣ እኛም አሸነፍን። እንደምታውቂው ማታውን ሰዳቢ የሰደባቸውን ሰዎች ቤት እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እነሱም ጠላ ይቀዱለታል። ጋሻዬ ቤት አልሄድኩም፣ ምን ብዬ? በነጋታው ካብ እየካብኩ ሳለ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። "ደርበው፣ ምን በድዬህ ነው የተውከኝ?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ ሳቄን አፍኜ "ረስቼህ ነው" አልኩት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። ወረቀት አውጥቼ "ያን ዓመት ፈርተንህ ነው" ብዬ ጻፍኩለት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "ኧረ አንተ ሰው" አለኝ፣ "ይህን ያኔ ብትነግረኝ ሩሯን እየነዳሁ ሰቆጣ እገባ ነበር።"

ገባሽ? ያ ሁሉ ደጋፊ ትኬት ቆርጦ ገብቶ አፉን ይዞ የሚቀመጠው አንቺን ፈርቶ ነው። ሐናን ስለ ላማችን የጠየቀችሽ ላማችንን ወድዳ አይደለም። ተሰብስበው መክረውብሻል፣ ልክ እኛ በጋሻዬ ላይ እንደመከርነው። እኔ በዕድሜዬ ለማንም እንዲህ ያለ ክብር ሰጥቼ አላውቅም፣ ለጋሻዬ ከሰጠሁት በቀር።

ሰላምታውን በሚመለከት፣ እናትሽ ሥርዓት ያስተማረችሽ ግማሹን ነው መሰለኝ። ሸክም የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ሰላም ቢሉት ሸክሙን ሳያወርድ ይመልሳል ወይ? አይመልስም፣ ማንም አይቀየመውም። አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ያን ጊዜ ነው "እናንተስ እንዴት ናችሁ?" የሚለው። አንቺም መጀመሪያ ሸክምሽን አውርጂ።

ደርበው

---

አዳማ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

አያ ደርበው፣

ሁለት ጣቴ ታስሮ ነው የምጽፈው፣ አይደንግጡ፣ ወለምታ ነው። በሬዲዮ ሰምታችኋል ብሎኛል ያሲር፤ ሬዲዮው ያላየውን እኔ ልንገርዎት።

መጀመሪያ ስለ ድምፅዎ። ደብዳቤውን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ፣ እስኪበቃኝ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ አሰልጣኝ ንጋት ቢሮ ሄድኩና የጋሻዬን ታሪክ እንዳለ አነበብኩላት። ሰቆጣ ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን መታችው። "ትገቢያለሽ" አለች።

ሜዳ ስንገባ ከበሬ ጀርባ ያው ዝምታ ነው። ዞሬ አየኋቸው፣ አያ፣ ከዚህ በፊት አይቻቸው አላውቅም ነበር። አንዱ ጎረምሳ ከንፈሩን ነክሷል። አንዲት ሴትዮ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛለች፣ ዓይኗ ሊፈርጥ ነው። ስድቡ ጉንጫቸው ውስጥ ሞልቶ ይታየኛል። ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ሲል ታፍኖ ተቀመጠ አልኩ፤ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ሙቀት ወጣብኝ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

መደበኛውን አንድ ለአንድ ጨረስን፣ ጭማሪውም እንደዚያው አለቀ። የእነሱን ግብ ሐናን አይደለችም ያገባችው። እሷ አሥር ጊዜ ያህል ሰላም ብላኛለች። በመጀመሪያው ማዕዘን ምት "ፋንዬ፣ እትዬ ሙሉዬ ደህና ናቸው?" ስትለኝ፣ "ሐናን፣ ሸክም ላይ ነኝ፣ ሳወርድ እነግርሻለሁ" አልኳት። ግራ ገባት። ደግማ ስትጠይቀኝ ደግሜ ያንኑ አልኳት። ኳሱን በሁለት እጄ ከራሷ በላይ ለቀምኩት።

ፍጹም ቅጣት ምት ደረሰ። ሁለተኛውን መለስኩ፣ በግራ እጄ፤ ጣቶቼ የታጠፉት ያን ጊዜ ነው። እኛም ከአምስቱ አንድ ሳትን። አምስተኛውን የምትመታው ሐናን ናት፣ ከሳተች ዋንጫው የእኛ ነው። ኳሱን አስቀምጣ ቀና አለች፣ ፈገግ ልትልልኝ ፈለገች፣ አልሆነላትም። ስቴዲየሙ በሙሉ ትንፋሹን ይዟል። እኔ ደግሞ እርስዎን ነው የሰማሁት። ገናውን፣ ዱላውን፣ የጎመኑን ቅጠል፣ ከታች አምባ ላይ አምባ የሚሰማውን ድምፅ።

በቀኝ መታችው። ደረቴ ላይ ይዤው ወደቅሁ።

ሐናን ራሷን ይዛ፣ "አንቺ ድንጋይ ጠራቢ!" ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ደጋፊ ሁለት ወር ሙሉ ያቆረውን ስድብ ባንዴ ለቀቀው። ኧረ አያ፣ ምን ያላሉኝ አለ። ቁመቴን፣ እጄን፣ አገሬን፣ ፀጉሬን። ጓደኞቼ ሊሸከሙኝ ሲሮጡ እኔ እጄን ዘርግቼ ወደ ደጋፊው ዞሬ ቆሜ ነበር፣ እንደ ጠበል ልጠመቅበት።

ከዚያ ሐናን ያለችበት ሄጄ ሣር ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እናቴ ደህና ናት" አልኳት። "ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ቀይ ናት። ዝናቡ ዘንድሮ ደግ ነበር። የአንቺስ እናት እንዴት ናቸው?" እያለቀሰች ሳቀች። ስለ ገናችን ነገርኳት። "ሰው ተሰድቦ ጠላ ይቀዳል?" አለችኝ። ትመጣለች ብዬ አልጠራኋትም፣ ራሷ ናት "እመጣለሁ" ያለችው።

ውሌን ለሁለት ዓመት አድሰውልኛል። ለእናቴ አሁን ሁሉንም ይንገሯት።

ፋና

---

ታች አምባ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017

ለዋንጫዋ ባለቤት

የሰማነው እናትሽ ቤት ነው። ላይ አምባና ታች አምባ ባንድ ግቢ የታጨቀበት ቀን ከሠርግ በቀር አላስታውስም። ጋሻዬ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማንም እንዳይነካው ይገላምጣል። የሐናንን ምት ስትይዢ እኔ አፌን ከፍቼ ተነሳሁ፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እናትሽ አየችኝ። አጠገቤ መጥታ ክንዴን ይዛ እኔ እጮኸው የነበረውን ያህል ጮኸችልኝ። አሥራ አንድ ዓመት የያዘችብኝን ቂም ያን ቀን ጨረሰችው መሰለኝ። እኔ የገና ዱላዬን ይዤ የቆርቆሮውን አጥር እስኪጎብጥ ደበደብኩት።

"ድንጋይ ጠራቢ" ያለችሽን ግን ለብቻው ሳስበው ከረምኩ። እኔን፣ አባቴን፣ አያቴን ነው የጠራችው። ስትመጣ የካብኩትን ቤት አሳያታለሁ።

አሁን የእኔን ስሚ። ድምፄ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደታመመ ጥጃ ነው የሚያየኝ። በደጄ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ካብ ስክብ ድንጋዩን ይቀበሉኛል። ባለፈው ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ "ዘንድሮ ለደርበው ክብር ሲባል ገናውን ያለ ስድብ እንጫወት" ብለው ወሰኑ። ላይ አምባም ተስማማ። ገና ያለ ስድብ፣ ለእኔ ሲባል። እኔም ወረቀት አውጥቼ "ድምፄ ነው እንጂ እግሬ አልጠፋም፤ ዘንድሮ ኋላ ጠባቂ ሆኜ የምቆመው እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡትና አጨበጨቡልኝ፣ ፋና። አጨበጨቡልኝ። ሕመምሽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ከሆነ ሩሯ በእግሮቼ መሃል ስታልፍ "አይዞህ" ሊሉኝ ነው።

ስለዚህ ስድብ ላኪልኝ። ኋላም ራስሽ ነይና የላይ አምባ ሰዳቢ ሆነሽ በሕዝብ ፊት ቁሚብኝ። ሽማግሌዎቹን እኔ አሳምናለሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የምፈራው አንድ ነገር ማንም ሳይፈራኝ መቆም ነው። አደራ እንዳታዝኚልኝ። ሰርዘሽ የምታለሳልሺ ከሆነ ቅሪ።

አጎትሽ ደርበው

---

አዳማ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017

ለደርበው፣ ታች አምባ

ሰላምታ የለም። ሸክም ላይ ነኝ፣ ማታ ይቅርታ ልጠይቅህ ስመጣ እመልስልሃለሁ። እስከዚያ ጠላህን አጥራ።

አንተ ደርበው፣ ይህ መቅመሻው ነው፤ ዋናውን በዕለቱ ትሰማዋለህ።

ታች አምባ ደርበው ስድቡ አለቀበት፣
አንድ ጉሮሮ ቢኖረው እሱም ዛገበት።

ድንጋይ መደርደር እንጂ ሩር ማቆም ማን አስተማረህ? ጉልበትህ ስትታጠፍ ከወንዝ ማዶ ትሰማለች አሉ፤ እሷ እንኳ ድምፅ አላት። ታች አምባ ሰው አጥቶ ነው አንተን ከኋላ ያቆመው፣ ወይስ የሚያስደግፈው ግድግዳ ጠፍቶ?

ሐናን አብራኝ ትመጣለች። ሦስት ዓመት እኔ ላይ የተለማመደችውን ስድብ በሙሉ ላንተ አስባዋለች፣ የሜዳውን ግራ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ለጋሻዬም ልኬበታለሁ፤ ሩሯን ወደ አንተ የሚነዳት እሱ ነው። ያን የጥንቱን "ረስቼህ ነው" ሊመልስልህ ነው የሚመጣው።

አንዲት ቃል አልሰረዝኩም። ወረቀቱን ገልብጠህ እየው።

እሾህ ካጣህ ጓሮህ ውስጥ ጎመን አለ። በርህን ዝጋ፣ መጣሁብህ።

ፋና፣ የላይ አምባ ሰዳቢ